ናውሩን ያከሰራት የቅንጦት መኪና አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ደሴቷ አገር ስለ ናውሩ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ጀምሮ በተለመደው ወሬ አለቀ። «በነፍስ ወከፍ ገቢ ዓለምን ይመሩ የነበሩ ደሴተኞች ገንዘባቸውን በቅንጦት መኪናና በአውሮፕላን ሽርሽር አባክነው ባዶ እጃቸውን ቀሩ» የሚለው ታሪክ ለጆሮ ይጥማል፤ ሒሳቡ ግን አይገጥምም። አገሪቱን የሚዞራት ዋና መንገድ 19 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥቂት ሺህ ሰው በዚያች መንገድ ላይ ምን ዓይነት መኪና ቢነዳ ነው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ የሚያልቀው? ብክነት አልነበረም አልልም፤ ነበረ። ከማዳበሪያ ማዕድኗ ከፎስፌት የተገኘው ገንዘብ የጠፋው ግን በዋናነት በሌላ መንገድ ነው። እኛም የመንግሥት ሀብት በኩባንያና በፈንድ ስለሚተዳደርበት መንገድ በምንከራከርበት ጊዜ መንገዱን ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል ብዬ ነው የምጽፈው። የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መሬቱን ሳያዩ ኢኮኖሚውን መረዳት አይቻልም። ናውሩ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ስትሆን ከምድር ወገብ በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቅርብ ጎረቤቷ የምትባለው የኪሪባቲዋ ባናባ እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተምሥራቅ ትገኛለች። ቅርጿ እንደ ባርኔጣ ነው፦ ከባሕሩ ዳር ከ150 እስከ 300 ሜትር የሚሰፋ ቀጭን ለጥ ያለ መሬት ዙሪያውን ይከባታል፤ ከመሃል አምባው ወደ ላይ ይነሣል፤ ከፍተኛው ቦታ 70 ሜትር ገደማ ነው። ሕዝቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ የሚኖረው በዳርቻው ነው። ከዳርቻው ውጪ የለማ መሬት የሚባለው ቡአዳ የተባለችውን ትንሽ ሐይቅ የከበበው ዝቅታ ነው።

ወንዝ የለም። የሚጠጣው ውሃ ከጣሪያ ወደ ታንከር የሚወርድ ዝናብና ከባሕር ውሃ ጨው የሚለየው ማጣሪያ የሚሰጠው ነው፤ የጉድጓዱ ውሃ ብዙውን ጊዜ ጨዋማ ነው። ማጣሪያው የሚሠራው በኤሌክትሪክ፣ ኤሌክትሪኩም በአብዛኛው በመርከብ በሚመጣ ናፍጣ ስለሆነ መርከብ ዘገየ ማለት ውሃ አጠረ ማለት ነው። ድርቁ የሚከፋው ላ ኒኛ፣ ማለትም የፓስፊክ ውሃ ከወትሮው የሚቀዘቅዝበት ክስተት፣ በሚሆንበት ጊዜ ነው። እኛ ክረምታችንን ያዛባብናል ብለን የምንፈራው ኤል ኒኞ እዚያ ዝናብ አምጪ ነው።

ዋና ከተማዋ ያሬን ናት ብላችኋል። ናውሩ በሕግ የተሰየመ ዋና ከተማ የላትም። ያሬን ከ14ቱ ቀበሌዎች አንዷ ስትሆን ፓርላማውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች እዚያ ስላሉ ብቻ ነው በየካርታው ላይ እንደ ዋና ከተማ የምትጻፈው።

አሁን ወደ ፎስፌቱ። ገበሬያችን ዳፕ ሲባል የሚያውቀው ማዳበሪያ አንዱ ንጥረ ነገር ፎስፈረስ ነው፤ የናውሩ ድንጋይ ደግሞ በጥራቱ በዓለም ከሚጠቀሱት ውስጥ ነበር። ይህ ድንጋይ ግን እንደ ድንጋይ ከሰል በንጣፍ የተቀመጠ አልነበረም። አምባው ላይ የቆሙት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች በመካከላቸው ጉድጓድና ስንጥቅ ነበራቸው፤ ፎስፌቱ የሞላው ያንን ክፍተት ነው። አወጣጡም እንዲህ ነበር፦ ዛፉ ይመነጠራል፤ የላይኛው አፈር ይገፈፋል፤ ከዚያ ከክሬን የተንጠለጠለ ባለመንጋጋ ባልዲ በዓምዶቹ መሃል እየገባ ይዝቃል። ባልዲው የማይደርስበትን ጥጋጥግ መጀመሪያ ላይ በአካፋ ያወጡት ነበር። ፎስፌቱ ሲያልቅ ዓምዶቹ ራቁታቸውን ይቀራሉ፤ አንዳንዶቹ 15 ሜትር ይደርሳሉ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ አይታረስም፣ ቤት አይሠራም፣ ውሃም አይቋጥርም። ከደሴቲቱ 80 በመቶ ያህሉ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል። ተራ ማዕድን ማውጫ ጉድጓድ ቢሆን አፈር መልሶ መሙላት ይቻል ነበር፤ እዚህ ግን መጀመሪያ ዓምዶቹ ተፈልጠውና ተፈጭተው ዝቅ ማለት አለባቸው፤ በላዩ የሚደረገው ለም አፈር ደግሞ ደሴቲቱ ላይ በበቂ መጠን የለም። መልሶ ማልማቱ አዝጋሚ የሆነው የፈቃደኝነት ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይደለም።

የጭነቱም ነገር ቀላል አልነበረም። ከኮራሉ ጠርዝ አልፎ ባሕሩ በአንድ ጊዜ ቁልቁል ስለሚወርድ መርከብ መልሕቅ ጥሎ የሚቆምበት ወለል የለም። ስለዚህ መርከቡ በጥልቅ ውሃ ውስጥ ከታሰሩ ተንሳፋፊ ቦያዎች ጋር በገመድ ይጠፈራል፤ ከአይዎ ቀበሌ ዳርቻ ወደ ባሕሩ የተዘረጋው ካንቲሊቨር የሚባለው ግዙፍ የብረት ክንድ ደግሞ የተፈጨውንና የደረቀውን ፎስፌት በማጓጓዣ ቀበቶ እያመጣ መርከቡ ሆድ ውስጥ ያፈሰዋል። የመጀመሪያው ክንድ የተተከለው በ1930 ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ የምዕራብ ነፋስ ሲነሣ ሥራው ይቆማል፤ መርከቡ ገመዱን ፈትቶ ባሕር ላይ ይንሳፈፋል። የናውሩ ገቢ ጥሩ በሚባለው ዘመን እንኳ ከወር ወር ይዋዥቅ የነበረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህንን ሀብት ማን ወሰደው? ጀርመን ደሴቲቱን በ1888 ያዘች። በ1900 አልበርት ኤሊስ የተባለ ሰው ሲድኒ ውስጥ በአንድ ቢሮ በር እንዳይዘጋ ተደግፎበት የነበረውን የናውሩ ድንጋይ አስመርምሮ ፎስፌት መሆኑን አረጋገጠ። በ1907 የመጀመሪያው ጭነት ወጣ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውስትራሊያ፣ ብሪታኒያና ኒውዚላንድ የብሪቲሽ ፎስፌት ኮሚሽነሮች የሚባለውን ድርጅት አቋቁመው ድንጋዩን ከገበያ ዋጋ በታች ለራሳቸው ገበሬዎች ያከፋፍሉ ጀመር። ለባለ መሬቱ ናውሩአዊ መጀመሪያ ይከፈለው የነበረው በቶን ግማሽ ፔኒ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች 1,200 ያህል ሰዎችን ወደ ቹክ ደሴቶች አጋዙ፤ በሕይወት የተመለሱት 737 ናቸው። ወደ አገራቸው የገቡት ጥር 31 ቀን 1946 ነው። ነፃነታቸውን በ1968 ሲያውጁ ይህንኑ ቀን የመረጡት ለዚህ ነው።

የሕዝቡን ቁጥር በሚመለከት አንድ በዓል አላቸው፤ አንጋም ይባላል፣ ጥቅምት 26 ይከበራል። ቁጥራቸው ከ1,500 ከወረደ ሕዝቡ እንደ ሕዝብ አይቀጥልም ተብሎ ይታመን ስለነበር 1,500ኛዋ ሕፃን በ1932 ስትወለድ የተጀመረ በዓል ነው። ከጦርነቱ በኋላ እንደገና ወደዚያው ቁጥር የደረሱት በ1949 ነው። ዛሬ በአገሩ የሚኖረው ሰው 12 ሺህ ገደማ ይሆናል። ጎሣ የሚቆጠረው በእናት በኩል ነው፤ በባንዲራው ላይ ያለው ባለ 12 ጫፍ ኮከብ 12ቱን ጎሣዎች ያመለክታል፤ ከኮከቡ በላይ ያለው ቢጫ መስመር የምድር ወገብ ነው።

ጽሑፋችሁ ጨርሶ ያልነካው የፍርድ ቤቱን ጉዳይ ነው፤ እኛንም የሚመለከት ነገር አለበት። ናውሩ በመንግሥታት ማኅበር ዘመን በሞግዚትነት ከተሰጡት ግዛቶች አንዷ ነበረች፤ ደቡብ ምዕራብ አፍሪካ፣ የዛሬዋ ናሚቢያ፣ እንደዚሁ። ኢትዮጵያና ላይቤሪያ በ1960 ደቡብ አፍሪካን ሞግዚትነቱን ጥሳለች ብለው በዘ ሄግ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ከሰሱ፤ በ1966 ዳኞቹ ሰባት ለሰባት ተከፍለው በፕሬዚዳንቱ ተጨማሪ ድምፅ «ከሳሾቹ በጉዳዩ ሕጋዊ ጥቅም የላቸውም» ተብሎ ተዘጋ። ናውሩ በ1989 አውስትራሊያን ስትከስ ግን የራሷ መሬት ስለሆነ ይህ ክርክር አልተነሣባትም፤ ፍርድ ቤቱ በ1992 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። የክሱ ፍሬ ነገር ከነፃነት በፊት የተቆፈረውን መሬት፣ ማለትም የደሴቲቱን ሲሶ ያህል፣ መልሶ የማልማቱን ወጪ የሚመለከት ነበር። አውስትራሊያ በ1993 ከፍርድ በፊት ተስማምታ 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ፈረመች፤ 57ቱ ወዲያው፣ 50ው በ20 ዓመት ተከፋፍሎ። ብሪታኒያና ኒውዚላንድም 12 12 ሚሊዮን አዋጡ። ሀብቷን በላች የምትባለው አገር ነፃ ስትወጣ ሲሶዋ አስቀድሞ ተበልቶ ነበር። የማዕድኑን መሣሪያና ሥራ በ1970 ለመረከብም በ21 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር መግዛት ነበረባት።

ከ1970 በኋላ ያለው ግን የራሳቸው ነው፤ እዚህ ላይ ጽሑፋችሁ የሳተውን ዋና ነገር ልናገር። ከፎስፌቱ ገቢ የተወሰነው ለባለ መሬቶች፣ የተወሰነው ለመንግሥት በጀት፣ ቀሪው ፎስፌት ለሚያልቅበት ቀን በአደራ ፈንድ ይቀመጥ ነበር። ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ፈንዱ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ከአንድ ቢሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ እንደነበረው ይገመታል። ችግሩ ያለው አያያዙ ላይ ነው። ብዙው ገንዘብ በውጭ አገር ሕንፃና ሆቴል ላይ ዋለ፤ ዝነኛው በ1977 ሜልቦርን ላይ የተጠናቀቀው ባለ 52 ፎቅ ናውሩ ሐውስ ነው። ሕንፃ በችግር ቀን ቶሎ ወደ ጥሬ ገንዘብ አይለወጥም። ለንደን ውስጥ በጥቂት ሳምንታት ለተዘጋ የሙዚቃ ቴአትር የፈሰሰም ገንዘብ አለ፤ ጋዜጦች የሚወዱት እሱን ነው፣ መጠኑ ግን ከሌላው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ገዳዩ ብድሩ ነው። መንግሥት ግብር የማይሰበስብ ስለነበር (የደመወዝ ግብር የተጀመረው በ2014 ነው) የፎስፌቱ ምርት ሲወርድ በጀቱን የሚሞላበት ሌላ ምንጭ አልነበረውም። አየር መንገዱ ብዙ ወንበሩ ባዶ እየበረረ በየዓመቱ ይከስር ነበር። ጉድለቱ የተሸፈነው በብድር ነው፤ ለብድሩ ማስያዣ የተሰጡት ደግሞ የፈንዱ ሕንፃዎች ናቸው። ፈንዱ ተነክቶ አያውቅም እየተባለ ሕንፃዎቹ አንድ በአንድ ተያዙ። ወለዱ ሲቆለል አበዳሪው መጣ፤ ናውሩ ሐውስ በ2004 ተሸጠ። በታኅሣሥ 2005 የመጨረሻዋ አውሮፕላን በዕዳ ተያዘች፤ ደሴቲቱም ለጊዜው የራሷ አውሮፕላን ሳይኖራት ቀረች። የአገሩ ባንክ ከስሮ ቆጣቢው ገንዘቡን አጣ፤ አንድ የአውስትራሊያ ባንክ በ2015 ወኪል ቢሮ እስኪከፍት ድረስ ለዓመታት ኑሮ የሚገፋው በጥሬ ገንዘብ ነበር። ከዚያ በፊት በ1990ዎቹ 400 ያህል የስም ባንኮችን በአንድ የፖስታ ሣጥን መዝግባ ፈቃድ የሸጠችውም ይኸው የገንዘብ ጥማት አስገድዷት ነው፤ ያተረፈላት በጥቁር መዝገብ መስፈር ነው።

የአደራ ገንዘብ ዋናው ሳይነካ በማስያዣነት እንዳይበላ የሚከለክል ደንብ ካልተጻፈ ፈንዱ ወረቀት ላይ ሙሉ ሆኖ ባዶ ይሆናል። ይህ ነው የናውሩ ነገር። ኦዲቱም በጊዜው አይወጣም ነበር።

ለምን ማንም አላስቆመውም? መልሱ የሚገኘው ከፓርላማው ነው። ፕሬዚዳንቱ የአገርም የመንግሥትም መሪ ሲሆን የሚመርጠው ፓርላማው ነው፤ የፓርላማው ዘመን በዚያ ጊዜ ሦስት ዓመት ነበር። ለረጅም ጊዜ መቀመጫው 18 ብቻ ነበር። ፓርቲ የሚባለው ነገር ስለማይጠነክር ሁለት ሰው ወገን ከለወጠ መንግሥት ይወድቃል፤ ከ1989 እስከ 2003 ባለው ጊዜ 17 ጊዜ አስተዳደር ተለዋውጧል። ነገ ከወንበሩ የሚነሣ ሚኒስትር የአሥር ዓመት የፈንድ ዕቅድ ይጠብቃል ብሎ መገመት ይከብዳል። በ2010 ደግሞ ምርጫው ዘጠኝ ለዘጠኝ ወጣ። አፈ ጉባኤ ድምፅ ስለማይሰጥ ሁለቱም ወገን ከራሱ ሰው ለዚያ ወንበር ማውጣት አልፈለገም፤ ለወራት ነገሩ ቆመ። ከ2013 ጀምሮ መቀመጫው 19 የሆነው ለዚህ ነው፤ ሜኔንግ ላይ አንድ ተጨመረ። ስምንት የምርጫ ክልሎች አሉ፤ ኡቤኒዴ አራት፣ ሜኔንግ ሦስት፣ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ተወካይ ይልካሉ።

የድምፅ አቆጣጠራቸው ከ1971 ጀምሮ የተለየ ነው፤ ዳውዳል ይባላል። መራጩ ተወዳዳሪዎቹን በሙሉ ከአንደኛ እስከ መጨረሻ በቁጥር መደርደር አለበት፤ አንዱን ብቻ ከዘለለ ወረቀቱ ይበላሻል። አንደኛ 1 ነጥብ፣ ሁለተኛ ግማሽ፣ ሦስተኛ ሲሶ፣ አራተኛ ሩብ እያለ ይሄዳል። 200 መራጭና አምስት ተወዳዳሪ አለ እንበል። አንዱን መቶው ሰው አንደኛ፣ መቶው አምስተኛ ቢያደርገው 100 ሲደመር 20፣ በድምሩ 120 ያገኛል። ሌላውን ሁሉም 200 ሰው ሁለተኛ ቢያደርገው ያለው 100 ብቻ ነው። የሚያሸንፈው ግማሹ የሚወደው፣ ግማሹ የሚጠላው ነው። ዘመድ አዝማድ በበዛበት ትንሽ ወረዳ ውስጥ ይህ ምን እንደሚያስከትል አንባቢ ራሱ ያስበው።

መሬቱም የቤተሰብ ነው፤ ርስቱ ለልጆች እኩል ስለሚከፋፈል አንድ ቁራሽ መሬት ብዙ ባለቤቶች ይኖሩታል። መንግሥት በሊዝ ለመውሰድ ከባለቤቶቹ የሦስት አራተኛውን ስምምነት ማግኘት አለበት። ባሕሩ ከፍ እያለ ስለሆነ ሕዝቡን ከዳርቻው ወደ አምባው ለማዛወር የተነደፈው ዕቅድ የሚጋፈጠው ዓምዶቹን ብቻ አይደለም፤ ፊርማዎቹንም ጭምር ነው።

የዛሬው ገቢ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አውስትራሊያ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ለማቆየት በ2001 ከፍታ፣ በ2008 ዘግታ፣ በ2012 ደግማ ከከፈተችው ማዕከል የሚገኘው ገንዘብ አንዱ ነው፤ ይህ ገንዘብ በካንቤራ ውሳኔ የሚከፈትና የሚዘጋ ቧንቧ ነው። ስደተኞቹ ላይ ስለደረሰው ብዙ ተጽፏል፣ አልደግመውም። ሁለተኛው ዓሣ ነው፤ በዚህ ላይ ግን ትንሽ ልቆይ፣ ከሁሉም የተሻለ የተሠራው ይህ ነውና።

ናውሩ የራሷ የሆነ ትልቅ የቱና መርከብ ቡድን የላትም፤ የምትሸጠው ቀን ነው። በ1982 በተፈረመው የናውሩ ስምምነት የታሰሩት ስምንት አገሮች፣ ማለትም ማይክሮኔዥያ፣ ኪሪባቲ፣ ማርሻል ደሴቶች፣ ናውሩ፣ ፓላው፣ ፓፑዋ ኒው ጊኒ፣ ሰለሞን ደሴቶችና ቱቫሉ፣ ለትልልቆቹ የመረብ መርከቦች በዓመት የሚፈቀደውን የማጥመጃ ቀን በጋራ ወስነው ይከፋፈሉታል። የአንድ ቀን ዝቅተኛ ዋጋ 8 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ነው። ከ80 ሜትር የሚረዝም መርከብ አንድ ቀን ሲያጠምድ አንድ ቀን ተኩል ይቆጠርበታል፤ ከ50 ሜትር የሚያንሰው ግማሽ ቀን። ዓሣው ግን ባለበት አይቆይም፤ ኤል ኒኞ ሲመጣ ሞቃቱን ውሃ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ለዚህም ነው አገሮቹ ቀን እርስ በርስ መሸጥና መግዛት የሚችሉት። ቀድሞ እያንዳንዱ አገር ለብቻው ሲደራደር የዓሣ ኩባንያዎቹ አንዱን ባንዱ እያስፈራሩ በርካሽ ይገቡ ነበር፤ በጋራ መሸጥ ከተጀመረ ወዲህ ግን ገቢው በብዙ እጥፍ አድጓል።

ሦስተኛው ፖለቲካ ነው። ዲፕሎማሲያዊ ግንኙነቷን በ2002 ከታይዋን ወደ ቻይና፣ በ2005 ወደ ታይዋን፣ በጥር 2024 እንደገና ወደ ቻይና አዞረች፤ በ2009 ደግሞ ከጆርጂያ ለተገነጠሉት ለአብካዚያና ለደቡብ ኦሴቲያ እውቅና ሰጠች። ይህንን ያለ እርዳታ ስሌት የሚያነብ የለም። አውስትራሊያም በታኅሣሥ 2024 በተፈረመ ስምምነት 100 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለበጀት ድጋፍ፣ 40 ሚሊዮን ለፖሊስና ለጸጥታ ለመስጠት ቃል ገብታለች።

ጤናውን ባጭሩ ልለፈው፤ የሚታረስ መሬት ሲጠፋ ሩዝና የቆርቆሮ ሥጋ ዋና ምግብ ሆነ፤ የስኳር በሽታው ብዛት በዓለም ከከፉት ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን «ስንፍና» ብላችሁ የጻፋችሁት ተገቢ አልመሰለኝም።

በ2015 ከአውስትራሊያ፣ ከታይዋንና ከእስያ ልማት ባንክ ጋር አዲስ የአደራ ፈንድ ተቋቁሟል። የውጭ አባላት በአስተዳደሩ ላይ ተቀምጠዋል፤ ለረጅም ዓመታትም ገንዘብ እንዳይወጣበት በደንብ ታስሯል። የቀድሞው ያልነበረው ይህ ነው። ደሴቲቱ በ2025 ዜግነት ከ105 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ገደማ ጀምሮ መሸጥ ጀምራለች፤ ከውቅያኖስ ወለል ማዕድን ለማውጣትም አንድ የግል ኩባንያ ስፖንሰር አድርጋ በ2021 ዓለም አቀፉ የባሕር ወለል ባለሥልጣን በሁለት ዓመት ውስጥ ደንቡን እንዲጨርስ የሚያስገድደውን አንቀጽ አንቀሳቅሳለች። ስለ ናውሩ ዳግመኛ የምትጽፉ ከሆነ መጠየቅ ያለበት ከእነዚህ ከሁለቱ የሚገኘው ገንዘብ ወደ አዲሱ ፈንድ ይገባል ወይስ በዓመቱ በጀት ያልቃል የሚለው ነው፤ መልሱ በየዓመቱ በሰኔ በሚቀርበው የበጀት ሰነድ ውስጥ ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጂኦግራፊ መምህር፣ አዲስ አበባ